የጋራዥ በርን ሀዲድ ወደ ኮርኒሱ ማስጠጋት፦ ከሀዲዱ በፊት ሞላው ይታሰብ

ጋራዤ ውስጥ የመኪና ማንሻ ሊፍት ለማስተከል ሳስብ ያስቸገረኝ ኮርኒሱ ሳይሆን በሩ ነበር። ኮርኒሱ ከወለሉ 3 ሜትር ከ35 ከፍታ አለው። 1 ሜትር ከ45 ቁመት ያላትን መኪና 1 ሜትር ከ60 ብሰቅላት እንኳ 30 ሴንቲ ሜትር ይተርፈኛል። በሩ ግን ሲከፈት ከወለሉ 2 ሜትር ከ45 ገደማ ላይ ይጋደማል። ሀዲዶቹም በሩ ተከፈተም ተዘጋም ከዚያ ከፍታ ንቅንቅ አይሉም። ከበሩ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለማንም አይጠቅምም፣ ከበሩ ሥር ያለው ደግሞ ለሊፍት አይበቃም።

በፓነል በፓነል ተያይዞ የተሠራና ወደ ላይ ወጥቶ የሚታጠፍ በር ካላችሁ መፍትሔው ሃይ ሊፍት የሚባለው አሠራር ነው። በተለመደው አገጣጠም በሩ ከጉበኑ ትንሽ ከፍ እንዳለ ወዲያው ወደ ኋላ ይታጠፋል። በሃይ ሊፍት ግን ግድግዳውን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሀዲድ ስለሚረዝም፣ በሩ ኮርኒሱ አጠገብ ደርሶ ነው የሚታጠፈው። ነገሩን ከሩቅ ሲያዩት ሀዲድ መቀጠል ብቻ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ያጠናሁት ስለ ሀዲዱ ነበር። ሥራውን ጨርሼ ሳየው ግን ሀዲዱ የቀለለው ክፍል ነው። ክብደቱ ያለው ሞላው፣ የበሩ ካቦ የሚጠቀለልበት ድራምና ሞላውና ድራሞቹ የተሰኩበት ዘንግ፣ ማለትም ሻፍቱ ላይ ነው። ስለዚህ እኔም ጽሑፌን ከዚያው እጀምራለሁ።

ከሁሉ በፊት ልኬት። ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ የበሩ ቁመት፣ ከጉበኑ እስከ ኮርኒሱ ያለው ርቀት እና የሀዲዱ ክብ መታጠፊያ ሬዲየስ። ሬዲየሱ በብዛት 12 ወይም 15 ኢንች ነው፤ የኔው 15 ኢንች፣ ማለትም 38 ሴንቲ ሜትር ነበር። በሬ 2 ሜትር ከ13 ነው፤ ከጉበኑ እስከ ኮርኒሱ ደግሞ 1 ሜትር ከ22። ከዚህ ላይ ለመታጠፊያው 38 ሴንቲ ሜትር፣ ለመተንፈሻ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ቀነስኩ። ቀሪው 76 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በሩን ማሳደግ የምችለው ይህን ያህል ነው። 8ቷን ሴንቲ ሜትር አትናቁ፤ የላይኛው ፓነል ሲታጠፍ ጫፉ ከሀዲዱ ከፍ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ኮርኒሱ ላይ መብራት ወይም የኤሌክትሪክ ቱቦ ካለ ደግሞ መለካት ያለበት ከኮርኒሱ ሳይሆን ከእሱ ነው። ኮርኒስ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ስላይደለ በግራም በቀኝም ለክታችሁ ትንሹን ቁጥር ያዙ።

አሁን ወደ ክብደቱ እንግባ። ሞላውን የሠራልኝ ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ ሀዲዱን እኔ ራሴ እቀጥለዋለሁ፤ ሞላው ግን ደህና ስለሆነ ባለበት ይቆይልኝ» አልኩት። በሩን ቀና ብሎ አየና «በሩ ላይ ሲደርስ ማን ሊይዘው ነው ታዲያ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ በቁጥር ስታዩት ነው የሚገባችሁ።

በሬ 68 ኪሎ ይመዝናል። ሞላው በተለመደው አገጣጠም 7 ዙር ተኩል ያህል ተጠምዝዞ ነበር። ካቦው የሚጠቀለልበት ባለ 4 ኢንች ድራም በአንድ ዙር ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ካቦ ይጠቀልላል፤ ስለዚህ 2 ሜትር ከ13 የሆነ በር ተከፍቶ እስኪያልቅ ከ6 ዙር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ይሄዳል። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሞላው ውስጥ የሚቀረው አንድ ዙር የማይሞላ ጥምዝ ነው። ያ 7 ኪሎ ያህል ብቻ ይሸከማል። በተለመደው አገጣጠም ይህ ችግር አይደለም፤ በሩ በአግድሙ ሀዲድ ላይ ተኝቷል፣ ክብደቱን የያዘው ሀዲዱ ነው። በሩ በወጣ ቁጥር ፓነሎቹ አንድ በአንድ ወደ አግድሙ ስለሚያልፉ የሚንጠለጠለው ክብደት እየቀነሰ ይሄዳል፣ የሞላው ጉልበትም አብሮት ይቀንሳል። ሁለቱ ተከታትለው ስለሚወርዱ ነው 68 ኪሎ በር በአንድ እጅ የሚነሳው።

ሃይ ሊፍት ይህን ስምምነት ያፈርሰዋል። በሩ 76 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ አንድም ፓነል ገና ወደ አግድሙ አላለፈም፤ 68ቱም ኪሎ ተንጠልጥሏል። የድሮው ሞላ ግን በዚያን ጊዜ ከ2 ዙር በላይ ለቅቋል፤ የሚሸከመው 46 ኪሎ ያህል ነው። የ22 ኪሎ ጉድለት በእጃችሁ ላይ ወይም በሞተሩ ላይ ይወድቃል። ሲከፈትም እንዲሁ ነው። በሩ ተከፍቶ ሲያልቅ ታችኛው 76 ሴንቲ ሜትር በቀጥታው ሀዲድ ውስጥ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ከበሩ ከሢሶ በላይ ነው፤ 24 ኪሎ ገደማ። ሞላው ያለው 7 ኪሎ ብቻ ስለሆነ በሩ እንደለቀቃችሁት ተንደርድሮ ይወርዳል። የጋሼ ጥያቄ ይህ ነበር።

መልሱ ሁለት ነገር ነው፤ ሌላ ድራምና ሌላ ሞላ። ለሃይ ሊፍት የሚሠራው ድራም እንደ ተለመደው እኩል ሲሊንደር አይደለም። አንደኛው ጎኑ ሾጣጣ ሆኖ የካቦው መቀመጫ በጥምዝ እየጠበበ ይመጣል፣ ከዚያ እኩል የሆነው ክፍል ይቀጥላል። በሩ ተዘግቶ ሳለ ካቦው የሚጎትተው ከሰፊው በኩል ነው። በሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ክብደቱ አይቀንስም፣ የሞላው ጉልበት ግን ይቀንሳል፤ ካቦው ወደ ጠባቡ እየወረደ ሲጠቀለል የሞላው ሥራ በዚያው ልክ ስለሚቀል ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። በሩ መታጠፍ ሲጀምር ካቦው እኩሉ ክፍል ላይ ደርሷል፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ተለመደው በር ነው። የድራሙን ጎድጎዶች በጣቴ እየተከተልኩ አንድ ጊዜ ከዞርኩት በኋላ ሒሳቡን በወረቀት ከማየት ይልቅ በእጄ ነው የገባኝ።

ድራሞች ላይ በቀረጻ የወጣ ቁጥር አለ። 400-96 የሚለው ባለ 4 ኢንች ሆኖ እስከ 96 ኢንች፣ ማለትም እስከ 2 ሜትር ከ44 ለሚደርስ የተለመደ በር ነው። 400-54 የሚለው ለሃይ ሊፍት ነው፤ 54 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ37 ድረስ ቀጥታ ማሳደግ ይችላል። የኔ 76 ሴንቲ ሜትር እዚያ ውስጥ በደንብ ይገባል። የግራና የቀኝ ድራም አንድ አይደለም፣ ስታዝዙ ጥንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ሞላው በግምት አይታዘዝም። የሚሸጥላችሁ ሰው የበሩን ክብደት፣ የበሩን ቁመት፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳሳደጋችሁ፣ የድራሙን ቁጥር፣ የመታጠፊያውን ሬዲየስና የሻፍቱን ርዝመት ይጠይቃል። ካልጠየቀ ሌላ ሰው ፈልጉ። ክብደቱ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን የተመዘነ መሆን አለበት፤ በሩ ላይ መስታወት፣ ኢንሱሌሽን ወይም ማጠናከሪያ ብረት ከተጨመረ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር አይሠራም። የሚመዘነው ሞላው ሙሉ በሙሉ ከተፈታ በኋላ ነው። ሁለት ሰው በሩን ትንሽ ያነሳዋል፣ የሰው ሚዛን ከመሃሉ ሥር ይገባል፣ በሩ ቀስ ብሎ ይቀመጥበታል። ሞላው ሳይፈታ ከመዘናችሁ የምታነቡት ቁጥር ትርጉም የለውም። አዲስ ሞላ ማዘዛችሁ ካልቀረ ደግሞ ዕድሜውን ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለ10,000 ያህል መክፈትና መዝጋት የተሰላ ነው፤ ወፈርና ረዘም ያለ ሽቦ ያለው ዕጥፍ ይቆያል፣ የዋጋው ልዩነት ደግሞ በኔ አስተያየት የሚያስቆጭ አይደለም።

ሞላውን መፍታትና ማጥበቅ ለባለሙያው የተውኩት ሥራ ነው፣ እናንተም እንድትተዉ እመክራለሁ። ቆሜ ስላየሁት ግን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በሩ ተዘግቶ ሀዲዱ ላይ ከሮለሩ (ሀዲዱ ውስጥ ከሚንከባለለው የበሩ ጎማ) በላይ ነክሶ የሚቆለፍ ፒንሳ ታሰረ፣ በሩ በድንገት እንዳይዘል። ሞላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰመረ፤ ሞላው ሲጠመዘዝ መስመሩ እየተጠቀለለ ዙሩን ይቆጥራል። ጋሼ ሁለት ድፍን የብረት ዘንጎች ይዞ ነበር፣ ውፍረታቸው በሞላው ጫፍ ባሉት ቀዳዳዎች ልክ የሆነ። አንዱን አስገብቶ ሩብ ዙር ያዞራል፣ ሌላውን በሚቀጥለው ቀዳዳ ያስገባል፣ የመጀመሪያውን ያወጣል። ፊቱ ሁልጊዜ ከዘንጉ መስመር ውጭ ነው፣ መሰላሉም ከጎን እንጂ ከፊት አይቆምም። የመቆለፊያ ብሎኖቹን ሲፈታ ሞላው ዘንጉን ምን ያህል እንደሚገፋው ክንዱ ላይ ይታያል። በካቻቪቴ ወይም በተገኘ ብረት ይህን የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ዘንጉ ከቀዳዳው ካመለጠ ግን የተጠራቀመው ጉልበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ የሚያገኘውም እጅ ወይም ፊት ነው። የበሩ ታች ማዕዘን ላይ ካቦው የታሰረበትም ብረት እንዲሁ ነው፤ ሞላው ተወጥሮ ሳለ የሱን ብሎን መንካት አይቻልም።

ሻፍቱስ? በተለመደው በር ሻፍቱና ሞላው ከጉበኑ በላይ ግድግዳው ላይ ናቸው፣ በሩም ከእነሱ በታች ስለሚታጠፍ አይገናኙም። በሃይ ሊፍት በሩ በቀጥታ የሚያልፈው እነሱ በነበሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሻፍቱ፣ ሞላው፣ ድራሞቹና የጫፍ ኩሽኔታዎቹ ሁሉ 76 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ወጡ። ካቦዎቹም በዚያው ልክ ረዝመው አዲስ ታዘዙ። ካቦ በመቀጠል አይረዝምም፣ ይህን ማንም እንዳይሞክረው። የቀድሞው የሞላ መያዣ ብረት ጥሩ እንጨት ላይ ነበር የታሰረው፤ አዲሱ ቦታ ላይ ግን ግድግዳው ስስ ሰሌዳ ብቻ ነበር፣ ከኋላው ባዶ። የሞላው መሃል መያዣ የሞላውን ጥምዘዛ በሙሉ የሚቀበል ቦታ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን ከፍቼ ከግድግዳው ዋና ቋሚዎች ጋር በወፍራም ቡሎን የታሰረ ጣውላ አስገባሁ። ለሁለቱ ጫፎችም እንዲሁ። የናንተ ግድግዳ ኮንክሪት ከሆነ ሥራው የፊሸር ነው፤ ባዶ ብሎኬት ከሆነ ግን ብሎኬቱን ብቻ አትመኑት፣ ከኋላው ብረት ሳህን ወይም ወደ ቢሙ የሚደርስ አንግል ያስፈልጋል።

ሀዲዱ ላይ እንድረስ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሙሉ የሃይ ሊፍት ሀዲድ ከነአንግሉ ማዘዝ ነው። አቅሙ ካለ ይህ ይሻላል፤ ሁሉም ተገጣጥሞ ይመጣል፣ መጋጠሚያውም በፋብሪካ የተስተካከለ ነው። ሁለተኛው ያለውን ሀዲድ ቆርጦ መቀጠል ነው፣ እኔም ያደረግኩት ይህን ነው። ሀዲዴ ወፍራምና ዝገት ያልነካው ነበርና መጣል አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። በሩ ቀጥታ የሚሄደው በረዘመ ቁጥር በአግድም የሚሄደው ያጥራል። ቀጥታው 76 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ አግድሙ 76 ሴንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ከአግድሙ ሀዲድ ጭራ ላይ ያንኑ ያህል ቆርጣችሁ ከቀጥታው ላይ መቀጠል ትችላላችሁ፤ ቅርጹ አንድ ነው፣ የሚገዛ ሀዲድ የለም። መጀመሪያ ግን የሁለቱን ላሜራ ውፍረት በካሊፐር ለኩ። አንዳንዱ በር ላይ ቀጥታውና አግድሙ እኩል ውፍረት የላቸውም፣ ያኔ መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ይፈጠራል። የአግድሙ ሀዲድ ጀርባ ላይ ማጠናከሪያ አንግል በነጥብ ብየዳ ተያይዞ ይመጣል፤ ከቁራጩ ላይ ለመለየት ነጥቦቹን በድሪል አውጥቼ አንግሉን አነሳሁት። የተረፈውን አንግል አልጣልኩትም፣ በኋላ ቀጥታውን ሀዲድ ከግድግዳው ጋር ለማሰር ጠቀመኝ። በሩ ሲከፈት ከሀዲዱ ጭራ ወጥቶ እንዳያመልጥ የሚያግደውን ማቆሚያም ከተቆረጠው ጫፍ ነቅላችሁ አዲሱ ጫፍ ላይ መልሱ፤ ይህን የሚረሳ ሰው አይጠፋም።

መጋጠሚያው የሀዲዱ ሥራ ዋና ክፍል ነው። በግራይንደር ስትቆርጡ ሀዲዱ ዙሪያውን በማስመሪያ የተሰመረ መሆን አለበት፤ ቁርጡ ትንሽ ካዘመመ አንዱ ጎን ይገጥምና ሌላው ጎን ክፍት ይቀራል። ከዚያ ሞረድ። የቁርጡን ጠርዝ በውስጥም በውጭም ሞረድኩት፣ የውስጡን በተለይ። ሁለቱን ጫፎች አጋጥሜ ከኋላቸው ወፈር ያለ የብረት ሳህን አደረግኩ፤ በሁለቱም በኩል ከሁለት ባላነሱ ቡሎኖች ታሰረ። ቡሎኖቹ ለሀዲድ የሚሠሩት፣ ራሳቸው ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ናቸው፣ ራሳቸው ወደ ውስጥ፣ ዳዶው ወደ ውጭ። ተራ ቡሎን ብትጠቀሙ ሮለሩ በራሱ ላይ ይወጣል። ከታሰረ በኋላ መመርመሪያው ጥፍር ነው። ጥፍሬን በሀዲዱ ውስጥ ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ሳስኬድ መጋጠሚያው ላይ ምንም ሳይዘኝ ማለፍ ነበረበት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከያዘ አንደኛው ጫፍ በጥቂቱ ወጥቷል ማለት ነው፤ ቡሎኑ ላላ ብሎ በመዶሻ እጀታ ይገፋል፣ እንደገና ይጠብቃል። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት መጋጠሚያ አለ፤ አንዱ በአሮጌው ቀጥታና በቁራጩ መካከል፣ ሌላው በቁራጩና በመታጠፊያው መካከል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ቀጥታው ሀዲድ ከግድግዳው ጋር ትይዩ አይደለም። ከታች ለመቃኑ ይቀርባል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይርቃል። ማጠፊያዎቹን ብታዩ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሮለሩ ከፓነሉ ይርቃል። ሀዲዱ ማዘንበሉና የማጠፊያዎቹ መለያየት አንድ ላይ ሆነው ነው በሩ ሲዘጋ መቃኑ ላይ የሚለጠፈው፣ ሲከፈት ደግሞ ወዲያው ከመቃኑ ተላቆ ሳይፋቅ የሚወጣው። ስለዚህ የምትቀጥሉት ቁራጭ በቱንቢ ቀጥ ተደርጎ መቆም የለበትም፣ ያንኑ ዝንባሌ ይዞ መቀጠል አለበት። እኔ ከታችኛው የሀዲዱ ጫፍ ሲባጎ ወጥሬ በአሮጌው ሀዲድ ጠርዝ ላይ አስተኝቼ ወደ ላይ አስረዘምኩት፤ ቁራጩ የሲባጎውን መስመር እንዲከተል አድርጌ አሰርኩ። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ከግድግዳው ያለው ርቀት ስለሚሰፋ የድሮዎቹ ማሰሪያዎች ያጥራሉ፤ ያ የተረፈው አንግል የጠቀመኝ እዚህ ነው። ቱንቢ የሚያስፈልገው ሀዲዶቹ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዳያዘነብሉ ነው። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት ከታች፣ ከመሃልና ከላይ እኩል መሆን አለበት።

የላይኛው ፓነል ሮለር መያዣም ይለወጣል። በተለመደው በር ላይ በሩ ተዘግቶ ሳለ ያ ሮለር መታጠፊያው ውስጥ ነው፣ የላይኛውን ፓነል ወደ መቃኑ የሚገፋውም ያ ነው። አሁን መታጠፊያው 76 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሄዷል፤ ሮለሩ ያለው በቀጥታው ሀዲድ ውስጥ ነው። የድሮው መያዣ እንዳለ ቢቀር የላይኛው ፓነል በሩ ተዘግቶም ከጉበኑ ላይ ክፍት ይቀራል፣ ንፋስና ዝናብ ይገባል። ሮለሩን ከፓነሉ ራቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ርቀቱ የሚስተካከል መያዣ ያስፈልጋል። ትንሽ ዕቃ ነው፣ ግን ቀድሞ ካልታዘዘ ሥራውን ያስቆማል።

የአግድሙ ሀዲድ መስቀያዎች አጥረዋል፣ ኮርኒሱ ስለቀረበ። ማሰሪያቸው ከኮርኒሱ ሰሌዳ ጋር ሳይሆን ከላዩ ካለው ተሸካሚ እንጨት ወይም ብረት ጋር ነው። ከቀጥታው መስቀያ በተጨማሪ አንድ አግድም ሰያፍ ማጠናከሪያ በየጎኑ አድርጉ፤ በሩ ሲገባ ሀዲዱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሁለቱን አግድም ሀዲዶች ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ኋላ በሰያፍ ለክታችሁ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ በሩ አንድ ጎኑን እየጎተተ ይገባል።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ኮርኒስ መሃል ላይ ተሰቅሎ በሰንሰለት የሚጎትተው ዓይነት ለዚህ ሥራ አይመችም። ሊፍቱ ሊገባበት የታሰበውን ቦታ ራሱ ይይዛል፣ ክንዱም የላይኛውን ፓነል በመጥፎ ማዕዘን ነው የሚገፋው። በሻፍቱ ጫፍ ጎን ግድግዳው ላይ የሚታሰረውን ጃክሻፍት የሚባለውን ሞተር አስገባሁ፤ እሱ ሻፍቱን ነው የሚያዞረው። ይህ ሞተር በሩን ወደ ታች አይገፋም። የሚያወርደው ካቦውን በመልቀቅ ነው፣ በሩ የሚወርደውም በክብደቱ። በተለመደው በር ላይ በሩ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ሳለ ካቦው ሊላላና ከድራሙ ሊወጣ ይችላል። በሃይ ሊፍት ላይ ግን ሁልጊዜ የተንጠለጠለ ክብደት ስላለ ካቦው ተወጥሮ ይቆያል፤ ሁለቱ የሚስማሙት ለዚህ ነው። ቢሆንም የካቦ መላላትን የሚያውቀውን ሴንሰር አትተዉት፤ በሩ መንገድ ላይ ቢያዝ ሞተሩ ሳያውቅ ካቦ መልቀቁን ይቀጥላል። ወለሉ አጠገብ የሚታሰሩት ሰው ወይም ዕቃ የሚያዩ ሴንሰሮችም ከወለሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ይሁኑ። ሞተሩን ከማዘዛችሁ በፊት ሻፍቱ ከኩሽኔታው ውጭ ምን ያህል እንደሚተርፍና ጎኑ ላይ ያለው ግድግዳ ለሞተሩ ስፋት እንደሚበቃ ለኩ። ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ ካላችሁ ደግሞ በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ግድግዳ ጠባብ ስለሚሆን ሞተሩን በውጪው ጎን አስቡት።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ሳይያያዝ በሩ በእጅ ይፈተናል። ጉልበት ድረስ፣ ወገብ ድረስ፣ ትከሻ ድረስ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አነሳሁና በየቦታው ለቀቅኩት። ባለበት መቆም አለበት፤ ትንሽ መንቀሳቀስ አይከፋም። በየቦታው የሚወርድ ከሆነ ሞላው ሩብ ዙር ይጨመርለታል፣ በየቦታው የሚወጣ ከሆነ ይቀነስለታል። ከታች ደህና ሆኖ ላይ ሲደርስ የሚወርድ፣ ወይም ከታች ከብዶ ላይ ሲደርስ የሚያመልጥ ከሆነ ግን ሩብ ዙር መጨመርና መቀነስ አያስተካክለውም። ያ ሞላው ወይም ድራሙ ለዚህ በር እንዳልተሰላ ምልክት ነው፤ ወደ ሻጩ መመለስ ብቻ ነው መፍትሔው። ሠራተኛው ሩብ ዙር እየጨመረ «ይስተካከላል» ቢላችሁ እዚያው አስቁሙት፣ ከታች የሚያሳምር እያንዳንዱ ሩብ ዙር ላይ ያበላሻል።

የኔው በመጀመሪያው ሙከራ ወገብ ላይ ትንሽ ይወርድ ነበር። ጋሼ ሩብ ዙር ጨመረ፣ ቆመ። ከዚያ ሁለቱን ካቦዎች በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው፤ የሚሰጡት ድምፅ አንድ ዓይነት ከሆነ ውጥረታቸው እኩል ነው። የቀኙ ትንሽ ላላ ያለ ስለነበር የበሩ ቀኝ ታች ጥግ ወለሉን ቀድሞ ይነካ ነበር፤ በሩን አስይዞ ድራሙን ጥቂት አዞረና መልሶ ቆለፈው።

በሩ አሁን ሲከፈት ሀዲዱ ከወለሉ 3 ሜትር ከ20 ገደማ ላይ ነው፣ መኪናዋም ተሰቅላ ከሥሩ ታልፋለች። ሊፍቱን ከመትከላችሁ በፊት ግን በሩ ተከፍቶ የሚንጠለጠለውን ክፍል አስቡበት፤ ከጉበኑ በላይ ግድግዳው አጠገብ ወፍራም ሆኖ የሚቆም በር አለ፣ የሊፍቱን ዓምድ እዚያ አታስጠጉ። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ስለሚላላ ያንን የእጅ ፈተና ከጊዜ በኋላ መድገም ያስፈልጋል። የመጋጠሚያ ቡሎኖቹንም ያኔ አብራችሁ በቁልፍ ፈትሹ። የሮለሮቹ ኩሽኔታና ማጠፊያዎቹ ላይ ቀጭን ዘይት ይበቃል። ሀዲዱ ውስጥ ግራሶ አትቀቡ፣ አቧራ ይይዛል፣ ሮለሩም ከመንከባለል ይልቅ መንሸራተት ይጀምራል።